የሁለት ሰዓቱ ጥሩንባ

የጌጃ ሰፈር ሰው ጋሽ ኢዶሳን በሁለት ነገር ያውቃቸዋል፤ በጎማና በሞት። ቀን ቀን ከጆተኒ ቤቱ ፊት ለፊት ባለችው ጎሚስታቸው ጎማ ሲለጥፉ ይውላሉ። ከእድርተኛው ቤት ሰው ሲሞት ደግሞ ጥሩንባቸውን ይዘው በየመንገዱ እየዞሩ ይለፍፋሉ። ለሁለቱም ሥራ የሚያስፈልገው ትንፋሽ ነው። ትንፋሽ ደግሞ ከወሊሶ ሲመጡ ይዘውት የመጡት ብቸኛ ሀብት እንደነበር ይነገራል። ወጣት ሳሉ የጎማ መንፊያ ማሽን መግዣ አጥተው የብስክሌት ጎማ በአፋቸው ይነፉ ነበር የሚል ወሬም አለ። እሳቸው ወሬውን አረጋግጠውም አስተባብለውም አያውቁም። ሲጠየቁ፣ "ብስክሌቱ ትንሽ ነበር" ብለው ያልፉታል።

የድሮው ጥሩንባ ነፊ አርጅተው ሥራውን ሲተዉ እድሩ ብዙ አልተጨነቀም። "ጎማ በአፉ የሚነፋ ሰው እያለ ምን ያስጨንቀናል?" ተባለና ጥሩንባው ለጋሽ ኢዶሳ ተሰጠ። ከዚያ ወዲህ ጥሩንባው በንጹሕ ጨርቅ ተጠቅልሎ ከአልጋቸው ራስጌ ይንጠለጠላል። ባለቤታቸው ወይዘሮ ወይንሀረግ መጀመሪያ ሰሞን፣ "ሞትን ራስጌዬ ሰቅሎልኝ እንዴት ነው የምተኛው?" ይሉ ነበር። በኋላ ግን ለመዱት። አቧራውን የሚያራግፉትም እሳቸው ናቸው።

ጋሽ ኢዶሳ ጥሩንባ ሲነፉ ዓይናቸውን ይጨፍናሉ። ምክንያቱን ሲጠየቁ፣ "የሞት መልእክት የያዘ ሰው አፍጥጦ አይሄድም" ይላሉ። ወይዘሮ ወይንሀረግ ግን ሌላ ማብራሪያ አላቸው።

"ጉንጩ ሲነፋ ለዓይኑ ቦታ ይጠፋል፤ ሌላ ምንም ሚስጥር የለውም።"

ሲነፉ ቆይተው ዓይናቸውን የሚገልጡባት ቅጽበት ለጋሽ ኢዶሳ የተለየች ናት። ከመንፋታቸው በፊት ጭር ያለው መንገድ፣ ዓይናቸውን ሲገልጡ በሰው ፊት ተሞልቶ ያገኙታል። ነጠላ ያዘቀዘቀች፣ ጋቢ የደረበ፣ ጫማውን በእጁ የያዘ፣ ሁሉም ወደ እሳቸው ያያል። ድምፃቸው እንደ ሳንባቸው አይደለም፤ ቀጭን ነው። ስለዚህ ሰው ጥሩንባውን ሰምቶ ይወጣል፣ ጠጋ ብሎ፣ "ማን ነው ጋሼ?" ብሎ ይጠይቃል፣ እሳቸውም የሟቹን ስም ይነግሩታል። ከወሊሶ ሲመጡ ስማቸውን እንኳ የሚጠይቅ አልነበረም። አሁን አንዴ ሲነፉ አንድ ሰፈር ብድግ ይላል። ይህን ለማንም ተናግረውት አያውቁም፤ በሰው ሞት መደሰት እንዳይመስልባቸው ይፈራሉ።

ባለፈው ጠቅላላ ጉባኤ ላይ ታዲያ አንድ ባንክ የሚሠራ ወጣት እድርተኛ ተነሣና፣ "በዚህ ዘመን ጥሩንባ ምን ይሠራል? በስልክ መልእክት ቢላክ ሁሉም በአንዴ ይሰማል" አለ። ተሰብሳቢው ዞሮ ጋሽ ኢዶሳን አየ። ጋሽ ኢዶሳ ጥሩንባቸውን አዩ። ነገሩ ለሚቀጥለው ጉባኤ ተላለፈ፤ ጋሽ ኢዶሳም ከዚያን ቀን ጀምሮ ስልክ የሚነካካ ሰው ባዩ ቁጥር ፊታቸውን ያዞሩ ጀመር።

ያዳናቸው ሬዲዮ ነው።

የእድሩ ሊቀመንበር አቶ ገብረየሱስ ጡረታ እስኪወጡ ድረስ ልደታ ፍርድ ቤት መዝገብ ቤት የሠሩ ሰው ናቸው። ሰላምታ ሲሰጡ እንኳ አንቀጽ የሚጠቅሱ ይመስላሉ። አንድ ቀን ጠዋት ቁርሳቸውን እየበሉ ሬዲዮ ሲያዳምጡ፣ ከተሞች ታዳጊ ልጆች በምሽት ከቤት እንዳይወጡ መከልከል አለባቸው ወይስ የለባቸውም የሚል ክርክር ሰሙ። አንዱ ደዋይ ይከልከሉ አለ። ሌላው ልጅን የሚከለክል ወላጅ እንጂ ከተማ አይደለም አለ። ሦስተኛው ክርክሩን ትቶ ለባለቤቱ ዘፈን እንዲጋበዝለት ጠየቀ። አቶ ገብረየሱስ ከሦስቱም አልተስማሙም። የራሳቸውን ሐሳብ ይዘው በወሩ ስብሰባ ላይ ቀረቡ።

"ከተማው እስኪወስን እኛ እጃችንን አጣጥፈን መቀመጥ የለብንም" አሉ። "ልጆቻችን ጆተኒ ቤት እያመሹ ነው። ዕድሜያቸው ከአሥራ ስምንት ዓመት በታች የሆኑ ልጆች ከምሽቱ ሁለት ሰዓት በኋላ ደጅ ቢገኙ፣ ወላጅ በእድሩ ደንብ መሠረት እንዲቀጣ ሐሳብ አቀርባለሁ።"

አዳራሹ ተንጫጫ። አንድ አዛውንት፣ "እኛ በልጅነታችን ከአሥራ ሁለት ሰዓት በኋላ ደጅ አንታይም ነበር" አሉ።

"መብራት ስላልነበረ እኮ ነው የማትታዩት" አሉ ወይዘሮ ወይንሀረግ።

ትንሽ ሱቅ ያላቸው ወይዘሮ ነጅማ ተነሡ። "የኔ ፈሀድ ሱቅ የሚዘጋልኝ በሁለት ሰዓት ተኩል ነው። አባቴ አልጋ ላይ ናቸው፤ እኔ እሳቸውን ነው የማስታምመው። ልጄን ከከለከላችሁት ሱቁን ማን ይዘጋልኛል? ሊቀመንበሩ ይመጣሉ?"

ሰው ሳቀ፤ ግን ድምፅ ሲሰጥ ሐሳቡ አለፈ። ጆተኒ ቤት የሚያመሽ ልጅ ያለው ወላጅ ብዙ ነበር።

"ልጆቹ ሁለት ሰዓት መሆኑን በምን ያውቃሉ?" ተብሎ ሲጠየቅ ግን አቶ ገብረየሱስ ፈገግ አሉ። ጥያቄውን ይጠብቁት ነበር።

"አቶ ኢዶሳ ይነፉላቸዋል።"

ጋሽ ኢዶሳ መጀመሪያ በደንብ የሰሙ አልመሰላቸውም። ከስብሰባው በኋላ አቶ ገብረየሱስ ጠጋ ብለው፣ "በየምሽቱ የሚሠራ ጥሩንባ በስልክ አይተካም፤ የወጣቱ ሐሳብ እዚያው ይቀራል፣ አይዞዎት" ሲሏቸው ነው የገባቸው። ቤታቸው እስኪደርሱ እግራቸው መሬት የነካ አይመስልም ነበር።

አሥራ ስድስት ዓመት የሞላት የመጨረሻ ልጃቸው ቢፍቱ ዜናውን በር ላይ ቆማ ሰማች። ቢፍቱ በሰፈሩ ጆተኒ የሚያሸንፋት የለም፤ ወንዶቹ ከእሷ ጋር መጫወት የሚፈልጉት በእሷ ወገን ከሆነ ብቻ ነው።

"አባዬ፣ እኔን በጥሩንባ ልትጠራኝ ነው? ስልክ እኮ አለኝ።"

"ስልክ አትበይኝ" አሉ ጋሽ ኢዶሳ።

የመጀመሪያው ምሽት ደረሰ። ጋሽ ኢዶሳ ጥሩንባውን ወለወሉ፣ ለቀብር የሚለብሱትን ኮት ለበሱ፣ መንታ መንገዱ ላይ ቆሙ። ዓይናቸውን ጨፍነው የሚያውቁትን ነፉ። የሚያውቁት ደግሞ አንድ ብቻ ነበር፤ ሦስት ረጅም፣ ሦስተኛው መጨረሻ ላይ እየወረደ የሚሄድ።

ዓይናቸውን ሲገልጡ ሰፈሩ ሁሉ ወጥቶ ነበር። ሴቶች ነጠላቸውን አዘቅዝቀዋል። ድንኳን የሚተክሉት ጎረምሶች ወደ እድሩ ዕቃ ቤት ይሮጣሉ። አንዲት እናት ሟቹን ሳያውቁ ማልቀስ ጀምረዋል። አቶ ገብረየሱስ ራሳቸው በአንድ እግራቸው ጫማ፣ በሌላው ነጠላ ጫማ አድርገው፣ "ማን ነው? ማን ነው?" እያሉ መጡ።

"ማንም አይደለም" አሉ ጋሽ ኢዶሳ። "ሁለት ሰዓት ሆኗል።"

ያለቅሱ የነበሩት እናት እንባቸውን ጠረጉና በቁጣ አዩአቸው። "ታዲያ ይሄን ሁሉ እንባዬን ማን ይመልስልኛል?"

ከሁሉ የባሰው ደግሞ፣ ቀደም ብለው ገብተው የነበሩት ልጆች ጥሩንባውን ሲሰሙ ሁሉም ወጥተው ነበር። ከሁለት ሰዓት በኋላ ያን ያህል ልጅ በጌጃ ሰፈር መንገድ ላይ ታይቶ አይታወቅም።

በማግስቱ አቶ ገብረየሱስ ደንቡን አሻሻሉ። ለሞት እንደ ድሮው ሦስት ረጅም ይነፋል፤ ለልጆቹ መግቢያ ግን ሁለት አጭር። ጋሽ ኢዶሳ ከሰዓት በኋላውን ጎሚስታቸው ጓሮ ሆነው ሁለት አጭር ሲለማመዱ ዋሉ። ረጅም የለመደ ትንፋሽ ማሳጠር ቀላል አይደለም። ጎማ ሊያስለጥፍ የመጣ አንድ የሚኒባስ ሹፌር፣ "ጋሼ፣ በግ ገዙ እንዴ?" ብሎ ጠየቃቸው።

ሳምንታት ሲያልፉ ትልልቆቹ ጥሩንባውን ለመዱት። እንዲያውም ጠቀማቸው። የቱርኩ ድራማ የሚጀምረው በሁለት ሰዓት ስለሆነ ጥሩንባው ሲነፋ ቴሌቪዥን ይከፈታል፣ ድምፁ ከፍ ይላል፣ በር ይዘጋል። ቀስ በቀስም ጥሩንባውን መስማታቸውን ራሱ ረሱት።

ልጆቹ ግን ሰሙት። ጥሩንባው የሚነፋው ለእነሱ ነበርና ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ያዳምጡታል። ጋሽ ኢዶሳ ሲነፉ ዓይናቸውን እንደሚጨፍኑም ያውቃሉ። ስለዚህ ከጆተኒ ቤት የሚወጣው ልጅ ሁሉ የሚያልፈው እሳቸው በሚነፉበት ጊዜ ነበር፤ በፊት ለፊታቸው፣ ሳይቸኩል፣ አንዳንዱም እጅ እየነሣ። አቶ ገብረየሱስ፣ "ከሁለት ሰዓት በኋላ ማንን አዩ?" ብለው ሲጠይቋቸው ጋሽ ኢዶሳ፣ "ማንንም አላየሁም" ይላሉ። እውነታቸውን ነው።

"አባዬ፣ እራት ቀርቧል" ትላቸዋለች ቢፍቱ በጆሯቸው፣ እያለፈች።

ፈሀድ ደግሞ ሱቁን ዘግቶ ሲመለስ፣ እሱን ላለማየት ዓይናቸውን ለጨፈኑት ጋሽ ኢዶሳ አስተያየት ይሰጣል። "ጋሼ፣ ዛሬ ሁለተኛዋ ትንሽ ተንቀጠቀጠች።"

"ብርድ ነው።"

"ዝንጅብል ይጠጡበት። ትናንት ግን አራዳ ነበረች።"

ጋሽ ኢዶሳ ይኮሳተራሉ፤ በማግስቱ ግን ዝንጅብል ጠጥተው ይመጣሉ። ጆተኒው እኩል ለእኩል ሆኖ አንዲት ጎል ስትቀር ደግሞ ጥሩንባቸውን በጨርቅ እያሹ ትንሽ ይቆያሉ። "የኔ ሰዓት ገና ነው" ይላሉ። ይህ ሁሉ ዓመት ሰው እሳቸውን ሲያይ ሲደነግጥ ነው የኖሩት። ጥሩንባ ይዘው ሲቆሙ የሚስቅላቸው ሰው ያገኙት ገና አሁን ነው። አንድ ቀን እራት ላይ ወይዘሮ ወይንሀረግ፣ "አንተ ሰውዬ፣ ልጆቹን ልታስገባ ነው የምትወጣው ወይስ ልታመሽ?" ብለው ሲጠይቋቸው እንጀራቸውን ጠቀለሉ።

እንዲህ እያለ አንድ ምሽት፣ ጆተኒ ቤቱ ዝግ ስለነበር ልጆቹ ቀድመው ገብተው ሳለ፣ ጋሽ ኢዶሳ ጎሚስታቸው ደጃፍ ጥሩንባውን ከጨርቁ ሲያወጡ ፈሀድ እየሮጠ መጣ። ቀልድ አልነበረውም።

"ጋሼ፣ አያቴ..."

የወይዘሮ ነጅማ አባት ሐጂ ኢብራሂም የሰፈሩ አንጋፋ ልብስ ሰፊ ነበሩ። ያን የቀብር ኮት የሰፉላቸው እሳቸው ናቸው። ጋሽ ኢዶሳ ልጁን ጎማ ላይ አስቀመጡት፤ እጃቸውን ትከሻው ላይ አደረጉ።

"እናትህስ?"

"አጠገባቸው ነች። አያቴ ስሞት እንዳትጮሁብኝ ብለው ነበር፤ ማንም አልጮኸም።"

"ሂድ፣ አብረሃት ሁን። ሰው ይመጣል።"

መንታ መንገዱ ላይ ቆሙና ዓይናቸውን ጨፍነው ሦስት ረጅም ነፉ። ሦስተኛዋን ቀስ አድርገው አወረዷት። ለሐጂ የሚገባቸውን ያህል።

ዓይናቸውን ሲገልጡ ማንም አልነበረም።

በየመስኮቱ የቴሌቪዥን ብርሃን ይብለጨለጫል። ከየቤቱ የአንድ ድራማ ድምፅ ይሰማል። ጋሽ ኢዶሳ እንደገና ነፉ፤ ከዚያ በቀጭኗ ድምፃቸው፣ "ሐጂ ኢብራሂም አርፈዋል! እድርተኛ፣ ሐጂ ኢብራሂም አርፈዋል!" አሉ። ከአንድ ቤት ውስጥ የሴት ድምፅ መለሰላቸው።

"እሺ ጋሼ፣ ልጆቹ ገብተዋል!"

ወደ አቶ ገብረየሱስ በር ሄደው የቆርቆሮውን በር መቱ። ውስጥ ድራማው ጣሪያ ነክቷል፤ የሚሰማ አልተገኘም። ጋሽ ኢዶሳ በጨለማው ቆመው ጥሩንባቸውን አዩት። ሰው ነው የማይሰማው ወይስ እሳቸው ናቸው ጥሩንባውን ያረከሱት? ወይዘሮ ነጅማ ሬሳ አጠገብ ተቀምጠው የሰው ኮቴ እንደሚጠብቁ ሲያስቡ በሩን እንደገና መቱ።

ከኋላቸው አንድ በር ቀስ ብሎ ተከፈተ።

"አባዬ" አለች ቢፍቱ። ጫማዋን በትክክል እንኳ አላደረገችም። "ሦስት ረጅም ነው የነፋኸው። ማን ነው?"

እሳቸው ሳይመልሱ ሌላ በር ተከፈተ፤ ከዚያ ሌላ። ልጆቹ ነበሩ። ጆተኒ ቤት የሚያመሹት በሙሉ፣ ከእራታቸው ተነሥተው፣ አንዱ እጁን እንኳ ሳይታጠብ ወጥተዋል። የአቶ ገብረየሱስ የልጅ ልጅ በጓሮ አጥር ዘሎ መጣ።

"የፈሀድ አያት ናቸው" አሉ ጋሽ ኢዶሳ።

ከዚያ ቢፍቱ፣ "የዕቃ ቤቱ ቁልፍ አንተ ጋ አለ አይደል?" አለች።

የእድሩን ድንኳን ድሮም የሚተክሉት ጎረምሶች ናቸውና ማንም ሊያስተምራቸው አላስፈለገም። ምሰሶውን ተሸክመው፣ ሸራውን ጎትተው፣ አግዳሚ ወንበሩን በራሳቸው ላይ ደርድረው ወደ ወይዘሮ ነጅማ ደጃፍ ሄዱ። ገመዱ ሲወጠር ቢፍቱ ወደ ጓደኞቿ ዞረች።

"ጀለሶች፣ አሁን እያንዳንዳችሁ ሄዳችሁ የየቤታችሁን ሰው አምጡ። ቴሌቪዥኑን አጥፉባቸው።"

ወይዘሮ ነጅማ ሻሻቸውን እያስተካከሉ ሲወጡ፣ ድንኳኑ ቆሞ ከሥሩ ጋሽ ኢዶሳ ጥሩንባቸውን አቅፈው ተቀምጠው አገኙ።

"ሰዉስ ጋሽ ኢዶሳ?"

"እየመጣ ነው" አሉ።

መጣም። ነጠላቸውን ያዘቀዘቁ እናቶች፣ ጋቢ የደረቡ አባቶች፣ በልጆቻቸው እየተመሩ፣ አንገታቸውን ደፍተው መጡ። በማግስቱ ሐጂ ኢብራሂም ኮልፌ ተቀበሩ፤ የቀረ እድርተኛ አልነበረም።

ጉዱ የመጣው እሑድ በእድሩ ስብሰባ ላይ ነው። አቶ ገብረየሱስ ደንቡን ከፍተው ሁለት ነገር አገኙ። በድሮው ደንብ፣ የሞት ጥሩንባ ሰምቶ ያልወጣ እድርተኛ ይቀጣል። በአዲሱ ደንብ፣ ልጁ ከሁለት ሰዓት በኋላ ደጅ የተገኘ ወላጅ ይቀጣል። በዚያ ምሽት ትልልቆቹ በሙሉ አልወጡም፣ ልጆቹ በሙሉ ወጥተዋል። እያንዳንዱ ቤት በልጁ መውጣት አንድ ጊዜ፣ በራሱ አለመውጣት ሌላ ጊዜ ሊቀጣ ነው።

"ሊቀመንበሩም ይቀጣሉ?" ብለው ጠየቁ ወይዘሮ ወይንሀረግ፣ በየዋህ ድምፅ። "የልጅ ልጃቸው ምሰሶ ሲሸከም አይቼው ነበር። ጎበዝ ልጅ ነው።"

አቶ ገብረየሱስ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። መፍትሔ ይዘው ነበር የመጡት። "ጥሩንባው የተነፋው ልክ በመግቢያው ሰዓት ነው" አሉ። "ስለዚህ በደንቡ ዓይን የመግቢያ ጥሩንባ ነበር ተብሎ ይወሰድ። የመግቢያ ጥሩንባ ሰምቶ ቤቱ የተቀመጠ አይቀጣም። ለልጆቹ ደግሞ ይቅርታ እናደርጋለን። አቶ ኢዶሳ ይህንኑ ቢያረጋግጡልን ነገሩ እዚህ ያበቃል።"

አዳራሹ በእፎይታ ተነፈሰ። ባንክ የሚሠራው ወጣት ስልኩን በእጁ ይዞ ፈገግ ብሎ ተቀምጧል። አቶ ገብረየሱስ ከስብሰባው በፊት በር ላይ ለጋሽ ኢዶሳ የነገሯቸው ነገር ነበር፤ "የመግቢያው ደንብ ከጸና ጥሩንባው ይቀጥላል፣ ደንቡ ከወደቀ ግን የስልኩን ነገር እኔም ላስቆመው አልችልም።"

ወይዘሮ ነጅማ ከጥግ ተነሡ።

"እኔ ቅጣት አልጠየቅሁም" አሉ። "አንድ ነገር ብቻ ነው የምጠይቀው። ለአባቴ ጥሩንባ ተነፍቷል ወይስ አልተነፋም?"

ጋሽ ኢዶሳ ንግግር አያውቁም፤ በስብሰባ ላይ ከ"እሺ" በላይ ተናግረው አያውቁም። አሁን ሁሉም እሳቸውን እያየ ነው፣ እንደ ድሮው። ልባቸው ስለ ምሽቶቹ አሰበ፤ ስለ ዝንጅብሉ፣ ስለዚያች አንዲት ጎል፣ በጆሯቸው ስለሚባለው "እራት ቀርቧል"። ከዚያ ሐጂ የሰፉላቸውን ኮታቸውን አዩ። ክሩ አሁንም አልተፈታም።

ተነሡና ጥሩንባውን ከጨርቁ አወጡ።

"አቶ ኢዶሳ፣ በአፍዎ ቢነግሩን ይበቃል" አሉ አቶ ገብረየሱስ።

ጋሽ ኢዶሳ ዓይናቸውን ጨፍነው ሁለት አጭር ነፉ። ከአዳራሹ ውጪ፣ ከጆተኒ ቤቱ፣ የዘንጉ ኳኳታና የልጆቹ ጫጫታ እንዳለ ቀጠለ። አንዱ እንዲያውም፣ "ጎል!" ሲል ተሰማ።

ከዚያ ሦስት ረጅም ነፉ።

ኳኳታው ቆመ። ጫጫታው ጠፋ። የሩጫ ኮቴ ቀረበ፣ የአዳራሹ በር ተበረገደ። ቢፍቱ ከፊት፣ ፈሀድ ከጎኗ፣ ሌሎቹ ከኋላ ቆመው ነበር።

"ማን ነው አባዬ?" አለች ቢፍቱ።

ጋሽ ኢዶሳ ዓይናቸውን ገለጡ። በአዳራሹ ውስጥ ከተቀመጡት አንድም የተነሣ አልነበረም። በመጀመሪያው ምሽት በከንቱ ያለቀሱት እናት ብቻ እጃቸውን ነጠላቸው ላይ አድርገው ግራ ተጋብተዋል።

"ማንም አይደለም ልጄ፤ ሂዱ ተጫወቱ" አሉ። ከዚያ ወደ ወይዘሮ ነጅማ ዞሩ። "ለሐጂ ተነፍቷል። ልጆቹ ሰምተዋል።"

ተቀመጡ። ወይዘሮ ወይንሀረግ የባላቸውን ጉልበት በእጃቸው ጫን አድርገው ያዙ።

ትልልቆቹ በሙሉ ተቀጡ፤ ከሊቀመንበሩ ጀምሮ። አቶ ገብረየሱስ ለክብራቸው ሲሉ የራሳቸውን መጀመሪያ ከፈሉ፤ ደረሰኝም ጠየቁ። የመግቢያው ደንብ፣ "ከተማው እስኪወስን ድረስ" ተብሎ ተነሣ። ባንክ የሚሠራው ወጣት ሐሳቡን እንደገና አነሣ፤ በዚህ ጊዜ የሚቃወም አልተገኘም፣ ጥሩንባውን ያልሰማ ሰው እንዴት ይቃወማል? ከእንግዲህ የሞት መልእክት በስልክ ይላካል ተባለ። ይሁን እንጂ ወይዘሮ ነጅማ፣ "ጥሩንባውም አይቅር፤ እኔ ስሞት በስልክ ብቻ እንዳትሸኙኝ" ስላሉ፣ ሁለቱም እንዲሆን ተወሰነ። ጋሽ ኢዶሳ ጥሩንባቸው አልተወሰደባቸውም። ምሽታቸው ግን ተወሰደባቸው።

በማግስቱ ምሽት ጎሚስታቸውን ከዘጉ በኋላ ወደ ቤት አልሄዱም። ጎማ ላይ ተቀምጠው በእጃቸው የሚይዙት ነገር ስላልነበረ ጉልበታቸውን ያዙ። ከፊት ለፊት የጆተኒው ዘንግ ይንኳኳል። ወይዘሮ ወይንሀረግ ሁለት ጊዜ ልጅ ልከውባቸው፣ "መጣሁ" ብለው ነበር።

ጨዋታው አለቀና ልጆቹ ወጡ። ፈሀድ የሱቁን ቁልፍ በጣቱ እያዞረ መጥቶ ፊታቸው ቆመ።

"ጋሼ፣ ሁለት ሰዓት አለፈ እኮ።"

"ታዲያ ደንቡ ቀርቷል።"

"የኛ ነው የቀረው" አለች ቢፍቱ ከኋላው። "ከስልሳ ዓመት በላይ ለሆኑት ገና አልተወሰነም። እማዬ ወላጅ ይቀጣል እያለች ነው፤ ወላጅ ስለሌለህ እኔን ልትቀጣኝ ነው።"

ልጆቹ ሳቁ። ጋሽ ኢዶሳ ለመኮሳተር ሞከሩ፤ አልሆነላቸውም። ከልጆቹ አንዱ እጆቹን በአፉ ዙሪያ አድርጎ ሁለት አጭር ነፋ፤ ሁለተኛዋ ትንሽ ተንቀጠቀጠች።

ጋሽ ኢዶሳ ማን እንደነፋ እንዳያዩ ዓይናቸውን ጨፈኑ። አቶ ገብረየሱስ ቢጠይቋቸው ማንንም አላዩም።

"ዝንጅብል ጠጣ" አሉ፣ ዓይናቸውን እንደጨፈኑ። ከዚያ ተነሥተው በቢፍቱ ትከሻ ተመርተው ወደ ቤታቸው ገቡ።